የሁለት ወገን እናት

ልብስ ሰፊዋ ከችሎቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ግራው ወንበር የሟች ወገን፣ ቀኙ የተከሳሽ ወገን ነው።

«እማማ፣ የማን ወገን ነዎት?» አለ በር ጠባቂው።

«የሁለቱም።»

«እዚህ ቤት መሐል የሚቀመጡት ዳኛው ብቻ ናቸው። ይምረጡ እንጂ!»

እንዴት አድርጋ ትምረጥ? የሞተው ድንቡሼ የሴት ልጇ ልጅ ነው፤ ገና አፉን የፈታ ሕፃን። ገደልክ ተብሎ የቀረበው ደግሞ ወንድ ልጇ፣ የድንቡሼ አጎት። ሴት ልጇንም ወንድ ልጇንም ያጠባው ጡት አንድ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ነይ!» ሴት ልጇ ከግራ ጠራቻት። ሄዳ ተቀመጠች። ልጅቷም እጇን ለቀም አድርጋ ያዘች።

ልጅቷ የምታውቀው፣ እናቷ ያን ቀን የሰፋችውን ዩኒፎርም ልታስረክብ ገበያ መሄዷን ነው። ሰፊዋ ግን ጓዳ ውስጥ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ወንድ ልጇ ዳቦ ቤት ሲሠራ አድሮ መጥቶ ሳሎን ተኝቷል። ድንቡሼ የድስት ክዳን እየደበደበ ይዘፍናል፤ ዘፈኑም አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ «አጎቴ፣ አጎቴ»።

«ዝም በል ብዬሃለሁ!» ሲል ሰማችው። ልጁ አለቀሰ። እሷም «አሁን ያባብለዋል» አለችና፣ ለቅሶው እንዳይሰማት የመኪናውን ፔዳል ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው። ክሩ አልቆ መኪናው ሲቆም ቤቱ ጭር ብሏል።

ወጥታ ብታይ፣ ልጇ ድንቡሼን ታቅፎ የብረት በሩ ሥር ተቀምጧል።

«እማ... ገፋሁት። ገፋ ነው ያደረግሁት።»

ልትጮህ ስትል አፏን በእጁ ያዘው። «እኔ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ። አንቺ አልነበርሽም። በጓሮ ውጪ! እህቴ እኔን ትጣ፤ አንቺን አትጣ።»

ወጣች። ዩኒፎርሙን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በጓሮ ወጣች።

ድንቡሼ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ልጇም ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ «ራሱ ወደቀ» ሲል ከረመ።

ዛሬ ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ጥፋተኛ ነህ፣ አይደለህም?» አሉት።

«ነኝ፣ ክቡር ዳኛ። ወደቀ ያልኩት ውሸት ነው። በእጄ ገፍትሬው ጭንቅላቱ ብረቱን መታው። ውሸቱን መሸከም አቃተኝ።»

አዳራሹ ተንፈስ አለ። ሰፊዋ ግን ትንፋሿን እንደያዘች ነው፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ ታውቀዋለቻ።

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበር?»

ልጁ እናቱን አየት አደረገና ዓይኑን ሰበረ። «ማንም አልነበረም።»

የሰፊዋ እግር ከወንበሩ ሥር በራሱ ይረግጥ ጀመር፤ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ። ልጅቷ ብርድ መስሏት ጉልበቷን ጫን አደረገችላት።

«አይዞሽ እማዬ» አለች እያለቀሰች። «አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ልጄ አይሞትም ነበር።»

 ቀና ስትል፣ ልጇ ከወዲያ ማዶ ራሱን ነቀነቀላት፦ ተዪው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ቀን...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ገበያ ሄድኩ ብለሽ ራስሽን አትብዪው። በይ ተነሽ፣ ችሎቱ አብቅቷል። ዛሬ እኔ ጋ ነው የምታድሪው፤ የድንቡሼን አልጋ አንጥፌልሻለሁ።»

ሲወጡ በር ጠባቂው መንገድ ለቀቀላቸው። «አዩ እማማ፣ መረጡ አይደል?» አላት ረጋ ብሎ፤ ክፋት አልነበረውም።

ሰፊዋ ደፉን ተሻገረች። ልጇ ክንዷን አጥብቃ ስለያዘቻት፣ መውደቅ እንኳ ብታስብ የምትወድቅበት ቦታ አልነበራትም።