አሥራ ሰባት የሰው ሬዲዮ

ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛውን ሬዲዮ አንሥታ ወደ ደጅ ልታወጣ ስትል ባሏ ከእጇ ነጠቃት።

"የሰው ዕቃ ነው አልኩሽ!"

"ሰውየው ረስቶታል እኮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ማን መጥቶ ጠየቀ?"

ነገ ጠዋት ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ትገባለች። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሙሉ ልትሰፋ ተስማምታለች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝታ አታውቅም። ቤቱ ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አራት ልጆች፣ አማቷ፣ ደብተሩ፣ ጫማው፣ የጨርቁ ጥቅል እግር ማሳረፊያ አሳጥቷል። የቀረው የባሏ ጥግ ነው። ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሱቁን ሲዘጋ ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸውን አሥራ ሰባት ሬዲዮዎች ቤት አምጥቶ ከመራቸው።

"ደግሞ የተበላሸ ኮተት!" አለች።

ባሏ ወደ ክምሩ ሄደ። አንዱን ሶኬት ላይ ሰካው፤ ዜና ተናገረ። ሌላውን ሰካው፤ ዘፈን። ሌላውን፤ የኳስ ጨዋታ። አንድ እንኳ የማይሠራ አልነበረም። ልጆቹ መጨፈር ጀመሩ፤ አማቷም "ልጄ እኮ ነው!" እያሉ አጨበጨቡ።

ልብስ ሰፊዋ ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

"የባለቤቶቹን ቤት ታውቀዋለህ?"

"አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ።"

"በል ተነሥ። እነሱ ካልመጡ እኛ እንሂዳ!"

ጋሪ ተውሰው በየበሩ አንኳኩ። አንዱ ጠጋኙን አቅፎ ሳመው። አንዷ "የአባዬ ሬዲዮ!" ስትል እንባዋ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይጠይቃት "ባሌ ነው የሠራው" ትላለች። እንዲህ ኮርታበት አታውቅም።

የመጨረሻው በር የአንድ ሾፌር ነበር። ሬዲዮውን ሲያይ ሳቀ።

"ወይ ጉድ! እስካሁን ይዘኸዋል? ጣለው ባክህ፣ አሁን በስልክ ነው የምንሰማው።"

በሩ ተዘጋ። ጠጋኙ ሬዲዮውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"እንግዲህ አደራዬን ተወጥቻለሁ" አለ፤ ድምፁ ግን ሰለለ። "እንጣለው።"

"ማን አባቱ ነው የሚጥለው!" ብላ ተቀበለችው።

ቤት ሲደርሱ ልጆቹ ጥጉን ጠርገው ጠበቋቸው። በሜትር ለካችው። ለመኪናዋና ለአንድ ጥቅል ጨርቅ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ስንዝር አይተርፍም። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሬዲዮውን ለጨርቁ ባሰበችው ቦታ ላይ አስቀምጣ ሰካችው።

"ጨርቁን አልጋ ሥር አደርገዋለሁ" አለች።