በአንድ ዓይን የምትሮጠው ልጅ

«ቀስ በል! ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ እኔ ፈረስ ነኝ?» አሉ የኔታ ገብረየሱስ።

ንዋይ ግን ለማዝገም ጊዜ አልነበረውም። የሽማግሌውን ክንድ በአንድ እጁ፣ መቋሚያቸውን በሌላው ይዞ ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይከንፍበታል። ስድስት ሰዓት አልፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስት የፊልም ጥቅሎች ከቀበሌው አዳራሽ ጓሮ ይቃጠላሉ፤ ከዚህ ሰውዬ በቀር የሚያድናቸው የለም።

«ትንሽ ነው የቀረን የኔታ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስድስት ዓመት ዞር ብለህ ሳታየኝ፣ ዛሬ መጥተህ በጉተታ!»

እውነታቸውን ነው። ንዋይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረው ከእሳቸው ነው። ሰባት ዓመት ቀለም በጥብጧል፣ ግድግዳ ለስኗል፣ የመላእክት ክንፍ እስከ መሣል ደርሷል። ከዚያ ቀበሌው መፈክር የሚጽፍለት እጅ ሲፈልግ ጥሏቸው ሄደ። አሁን ጨርቅ ላይ በቀይ ቀለም ይጽፋል፣ ከስብሰባ በፊት ደግሞ በማሽን ፊልም ያሳያል።

ፊልሞቹን ለአዳራሹ ትቷቸው የሄደው የውሃ ፓምፕ ሊጠግን መጥቶ የነበረ አንድ ጃፓናዊ ነው። በጀልባ ሰው የምታሻግር የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው፣ በአምስት ክፍል። ተዋናይ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር በእጅ የተሣለ ነው። «በእኛም አገር ማንም አላየው» ብሎ ነበር ሰውዬው በስብርባሪ አማርኛው። ይህን ሲል ስቋል፣ ግን ሳቁ ደስ አይልም ነበር። ታላቅ እህቱ ከሠዓሊዎቹ አንዷ ናት።

ማንም አላየው!  ንዋይ ግን አርባ ጊዜ አይቶታል። ሠዓሊዎቹን በእጃቸው ለይቷቸዋል። ውሃውን የሚሥለው አንድ ሰው ነው፤ ጀልባዋ ስትነካው ውሃው ከመሰንጠቁ በፊት ትንሽ ያብጣል። ልብስ የምትሥለው ሌላ ናት፤ ልጅቷ ቆማ ቀሚሷ ገና አልቆመም። ሴት መሆኗን የወሰነው ራሱ ንዋይ ነው፣ ያቺ የጃፓናዊው እህት ትሆናለች ብሎ። እግር የሚሥለው ግን፣ አይ እሱስ! ባዶ እግር እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ እንዴት እንደሚጨብጡ የሚያውቅ ሰው ነው።

የደብረ ታቦር ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። በ1979፣ በሚያዝያ ወር፣ ንዋይ የመጀመሪያውን ክፍል ከስብሰባ በፊት አሳየ። ልጅቷ በወንዙ ዳር ከግራ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፤ ፊቷ በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ። እማማ እቴነሽ ከመሐል ብድግ አሉ።

«በስመ ሥላሴ! ይህችማ አንድ ዓይን ናት!»

አዳራሹ ተተራመሰ። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን ነው የሚሣሉት፣ በአንድ ዓይን። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ታዝሎ ያስቀደሰ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ንዋይም ያውቀዋል፣ ያውም ከሁሉ አብልጦ። ፊልሙ አስክሮት ረሳው እንጂ! በሦስተኛው ስብሰባ የመጣው አሥራ አንድ ሰው ነበር።

ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታሁን ትናንት ጠርቶት፣ «ሕዝቡን የበተነብኝ ያንተ ሰይጣን ነው» አለው። «ሰይጣን አይደለም ብሎ የሚመሰክር፣ ሕዝቡ የሚያከብረው ሽማግሌ ካመጣህ ፊልሙን ሳላቃጥል ወደ ጎንደር እልከዋለሁ። ካላመጣህ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይቃጠላል።»

አዳራሹ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ንዋይ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርዶ ማሽኑን አስነሳ። የየኔታ ዓይን ለሩቅ ስለደከመ ሸራው ሥር አስቀመጣቸው። ልጅቷ መሮጥ ስትጀምር ሽማግሌው አማተቡና ፊታቸውን አዞሩ።

«ለዚህ ነው ያመጣኸኝ? አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

ንዋይ ማሽኑን አጠፋ፤ ፊልሙን ከማሽኑ ጥርስ ላይ አላቀቀና አንዱን መስኮት ገልጦ አንድ ክንድ ያህሉን በብርሃኑ ፊት ወጠረው።

«የኔታ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይህን ብቻ ይዩልኝ። ከላይ ወደ ታች፣ አንድ በአንድ።»

ለቅርብ ዓይናቸው አሁንም ደህና ነው። ጥፍር የሚያክሉትን ሥዕሎች በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። በመጀመሪያው ላይ ልጅቷ አንድ ዓይን ናት። በአራተኛው አፍንጫዋ ትንሽ ዞሯል። በሰባተኛው የሁለተኛው ዓይኗ ሽፋሽፍት ብቅ ብሏል። በአሥራ ሁለተኛው በሁለት ዓይኖቿ ትክ ብላ የኔታን ታያቸዋለች።

ጣታቸው እዚያ ቆመ።

«ዞረች» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ የኔታ።»

«የእኛ ሰው አይዞርም እኮ። አርባ ዓመት ይሁዳን ሣልሁት፤ እንዳስቀመጥሁት ነው ያለ።» ጣታቸውን ወደ መጀመሪያው ሥዕል መለሱት። «እንዲህ መሣል ባውቅ ኖሮ፣ እሱም ይዞር ነበር ማለት ነው?»

ንዋይ እንባው መጣ።

የኔታ አልጠገቡም። አምስተኛውን ጥቅል ራሳቸው አነሱት። መጨረሻው ላይ ሥዕል የሌለው ጥቁር ቦታ አለ፤ እላዩ ላይ ሰባት ነጭ መስመር በባዕድ ፊደል ተጽፏል።

«ይኼስ?»

«የሠዓሊዎቹ ስም ነው፤ ፊልሙን የሰጠን ሰው ነግሮኛል።»

«የሠዓሊዎቹ? ስሙ የሚጻፍ ያሣለው ባለጸጋ ነው እንጂ! እኔ በየትኛው ግድግዳ ጽፌ አውቃለሁ?» ፊደሉን አገላብጠው አዩት። «አንተ ማንበብ ትችላለህ?»

«አልችልም። ሌላ ቦታ የተጻፈ ይኑር አይኑርም አላውቅም።»

በዚህ መሐል ፈንታሁን ወረቀት ይዞ ገባ። የኔታን እጅ ነስቶ ተሳለመ፤ ካድሬም ቢሆን ያገሩ ልጅ ነው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ስማ ልጄ። ይህን የሠራው የሰው እጅ ነው፣ ያውም የተባረከ እጅ። ሰይጣን አይደለም። ቅዳሜ ገበያ መሐል ቁም ብትለኝ ቆሜ እናገራለሁ።»

ንዋይ ትንፋሹን ለቀቀ። አለቀ፣ ተረፉ! ፈንታሁን ግን ወረቀቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ። ተቃጥሏል ብዬ ትናንት ማታ ለበላይ ሪፖርት ልኬያለሁ።»

«ምን?» አለ ንዋይ። «ሽማግሌ አምጣ አላሉኝም?»

«ይመጣሉ ብዬ መቼ አሰብሁ! ትተሃቸው የሄድህ ሰው ነህ።»

«ታዲያ ተሳስቻለሁ ብለው ይጻፉላ!»

«አብደሃል? ሙላቴን ረሳኸው?»

ሙላቴ የቀበሌው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። የሌለ ዕቃ አለ ብሎ ፈረመ ተብሎ አምና ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። የት እንዳለ ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

«የተጻፈው እውነት መሆን አለበት» አለ ፈንታሁን፣ ዓይኑን እየሸሸ። «አምስቱን የፊልም ቆርቆሮ ይዘህ ወደ ጓሮ ና። አንተው አቃጥልና ወረቀቱ ላይ ትፈርማለህ።» ወጣ።

ንዋይ መሬት ላይ ዘጭ አለ። መጮህ አማረው፤ ለማን ይጩህ? ውሃው፣ ቀሚሱ፣ ያ እርጥብ ድንጋይ የጨበጠ እግር፣ ሁሉም ሄደ። ቆርቆሮው ይቆጠራል፤ አንዱን ጥቅል መደበቅ አይቻልም። አንዲት ቁራጭ ግን ማን ያውቃል? መቀሱን ከኪሱ አወጣ። አሥራ ሁለቱን ሥዕሎች ያዘ፣ ልጅቷ የምትዞርባቸውን። መቀሱን አስጠጋ። ከዚያ ተዋቸውና የአምስተኛውን ጥቅል ጫፍ ሳበ፤ ስሞቹ ያሉበትን ጣት የምታክል ቁራጭ ቆረጠ።

የኔታ ደነገጡ። «ሥዕሉን ተውኸው?»

«ሥዕሉን አይተውታል። እኔም አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አብረን ብንሞክር እጃችን ያመጣው ይሆናል። ስማቸውን ግን ከየት እናመጣዋለን የኔታ?»

ሽማግሌው ጥምጣማቸውን ከፈቱ፤ ቁራጯን ከእጁ ተቀብለው በነጩ ጨርቅ መሐል አኖሩና መልሰው ጠመጠሙ። 

«የክርስትና ስማቸውን ባውቅ በጸሎት አስባቸው ነበር» አሉ። «እንግዲህ ማንበብ ካልቻልን እንሥለዋለን። ግድግዳው ላይ፣ እዚያው የባለጸጋው ስም በሚጻፍበት፣ ከግርጌ።»

ጓሮው ውስጥ ፊልሙ ደህና አድርጎ እንኳ አልነደደም። ተጨማደደ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጭሱ ዓይን እያቃጠለ አገር ምድሩን ሞላው። ንዋይ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ሲጥል የኔታ ከጎኑ ቆመው ነበር። አምስተኛው ሲያልቅ ፈንታሁን ባዶ ቆርቆሮዎቹን ቆጠረና ወረቀቱን ዘረጋለት።

«አምስቱም ጥቅሎች አንዲት ቁራጭ ሳትቀር መቃጠላቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ለስም አንድ መስመር ተትቷል።

ንዋይ ብዕሩን ይዞ ቆመ። በሣለው ክንፍ ሁሉ፣ በጻፈው መፈክር ሁሉ ስሙን ጽፎ አያውቅም። ሙላቴን አሰበ። የየኔታን ጥምጣም ግን ቀና ብሎ አላየም፣ እንዳያስጠረጥር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ፈንታሁን።

«ቦታው ጠበበኝ» አለ ንዋይ፤ ከመስመሩ አልፎ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ጉልህ የመፈክር ፊደል፣ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ።