አንድ ማስክ ለአንድ ማኅበር

ማስኩ በአጥሩ ሽቦ መሃል ወደ ውጭ ሲወጣ ሲስተር ፈንታነሽ በዓይኗ አየችው። አንዲት ወይዘሮ ጥየቃቸውን ጨርሰው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱና አፋቸው ላይ የነበረውን ሰማያዊ ማስክ አውልቀው ውጭ ለቆመ ጎረምሳ አቀበሉት። ጎረምሳው እርጥቡን በጋቢው ጠረግ ጠረግ አድርጎ አጠለቀው። ጥበቃው ጋሽ እሸቴም ፊቱን አየት አድርገው "ግባ" አሉት።

"ጋሽ እሸቴ!" ፈንታነሽ ከደረጃው ላይ ጮኸች። "በዚያ ማስክ ስንት ሰው ገባ?"

ጋሽ እሸቴ በጣታቸው ቆጠሩ። "የሚካኤል ማኅበርተኞች አሥራ አራት ናቸው። ከነሱ በፊትም የገቡ አሉ። ሃያ ቢሆን ነው።"

"ሃያ ሰው በአንድ ማስክ?"

"ማስክ ያላደረገ አይግባ ብላችሁ የለጠፋችሁ እናንተ። እስቲ ማን ሳያደርግ ገባ?"

ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ሰውዬው አላጠፉም።

ሆስፒታሉ ለጉንፋን ወቅት መዘጋጀት የጀመረው በመስከረም ነበር። አራት ጊዜ ተሰበሰቡ። አምስት ካርቶን ማስክ ጠይቀው አንድ ካርቶን ማስክና ስምንት ሜትር ባነር መጣላቸው። ማስኩ በጥቅምት አለቀ፣ ባነሩ ግን አያልቅም። ኅዳር ሲገባ የጉና ተራራ ብርድ ወረደ፤ ገብስ አጨዳ ላይ የሰነበተው ገበሬ ሁሉ እያሳለ መጣ፤ አልጋ ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ተኛ። ዛሬ ደግሞ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው። ከተማው በሽታ ሊያባርር ከንጋት ጀምሮ ቆሻሻውን ሲያጥን፣ ጭሱ በመስኮት እየገባ ኦክስጅን ላይ ያሉትን ሰዎች በሳል ያጣድፋቸዋል። ከቅዳሴ የወጣውም ሰው በዓል ነውና ቀጥታ ወደ ጥየቃ መጥቷል።

ፈንታነሽ ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የሕፃናቱን ነገር ነው። ያለ ቀናቸው የተወለዱት ሕፃናት ክፍል ውስጥ ባለፈው ሳምንት ሰባት ነበሩ። አንዱ ሊያየው ከመጣ ዘመድ ጉንፋን ተጋብቶበት በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከቀሩት ስድስት አንዷ የወንድሟ የሲሳይ ልጅ ናት። ሲሳይና ሚስቱ ብርቱካን ስምንት ዓመት ጠብቀው ያገኟት፣ ገና አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም የምትመዝን ልጅ።

ጎረምሳውን ከኮሪደር መልሳ ማስኩን በጓንት ይዛ ጣለችውና ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ዶክተር ደረጄ ቅጽ እየሞላ ነበር።

"ማስክ ያደረገ ጠያቂ፣ መቶ በመቶ" አላት ደስ ብሎት።

"አንድ ማስክ ነው ዶክተር። በአጥር እየተቀባበሉት ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ቅጹ እኮ ስለ ማስኩ ብዛት አይጠይቅም።"

"ጥየቃውን እንዝጋው።"

"በሚካኤል ዕለት?" ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ዝጊው። ጠቡን ግን አንቺ ቻይው።"

በሩ ላይ ስትደርስ ጠቡ ቀድሟት ነበር። ማኅበርተኞቹ ጋሽ እሸቴን ከበዋቸዋል፤ የአገራቸው ሰዎች ናቸው።

"ሲስተር፣ በሽተኛ አላስጠይቅ ብዬ ነገ ከማን ጋር ልኖር ነው?" አሏት ጋሽ እሸቴ። "ቀብሬ ላይ ማን ይቆማል?"

"ዛሬ ማንም አይገባም። በቃ!"

"ፈንቱዬ!" የሚል ድምፅ ከሰዉ መሃል መጣ። እናቷ ወይዘሮ ፈንቴ ናቸው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ታቅፈዋል። ጉንፋን ጥሏቸው ስለሰነበቱ የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩዋትም።

"እናቴ፣ መቼ መጣሽ?"

"ይኸው ከባጃጅ መውረዴ። ለብርቱካን ገንፎ አገንፍቼ። ልጂቱን አንዴ ልያትና እመለሳለሁ።" ዞር ብለው ነጠላቸው ውስጥ ሳሉ።

"ያስልሻል።"

"ይሄማ ተወኝ እኮ። ርዝራዡ ነው።"

"አትገቢም እናቴ።"

ጋሽ እሸቴ ጠጋ ብለው "እናትሽንም?" አሏት።

"እናቴንም።"

"ስምንት ዓመት ስለት ተስዬ፣ እግዜር ሲሰጠኝ ልጄ ትከልክለኝ?" አሉ ወይዘሮ ፈንቴ። "አባቷን የወለድሁት እኔ ነኝ። እኔ በምን ልጎዳት?"

"በሳልሽ ነዋ! ባለፈው ሳምንት የሞተውንም ጉንፋኑን ያመጣለት የሚወደው ሰው ነው!"

በሰው ፊት እናቷ ላይ መጮኋ ወዲያው አሳፈራት። እናቷ አልተቆጡም። ሳህኑን በበሩ አሳልፈው ሰጧትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ይሁን። አንቺ ታድለሻል" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አንቺ ባይሆን በቀን ሦስቴ ታያታለሽ።"

የተናገሩት ከልባቸው ቀንተው ነው። ፈንታነሽ ግን ሳህኑን እንደያዘች ቆጠረች። እውነት ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ትገባለች። አንዱ ለሥራ ነው፤ ሁለቱ ልጂቱን ለማየት። የምትሄደውም ከሚያስላቸው በሽተኞች ዘንድ ነው። እጇን ትታጠባለች፤ ጋውን የምትቀይረው ግን ሲገኝ ነው፣ ከማክሰኞ ወዲህ ደግሞ አልተገኘም። ዛሬ ጠዋት የልጂቱን ግንባር ስማለች።

ፍቅርተ የምትባለውን ነርስ ከደረጃው ጠራቻት።

"ፍቅርተ፣ ከአሁን ጀምሮ የሕፃናቱ ክፍል የአንቺ ነው። የአዋቂዎቹን ለእኔ ተዪልኝ፣ ጨርሰሽ እንዳትመጪ። ገንፎውን ለብርቱካን ስጫት።"

"የወንድምሽን ልጅስ ማን ሊያይልሽ?"

"አንቺ። ማታ ማታ ክብደቷን ትነግሪኛለሽ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትወጣ።"

ከኪሷ የክፍሉን ቁልፍ አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረች። "ጋሽ እሸቴ፣ እኔም ወደዚያ ክፍል ሳልፍ ካዩኝ ይመልሱኝ።"

ጋሽ እሸቴ እሷንም፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን እናቷንም ተራ በተራ አዩ። የግቢውን በር ሁለት ተካፋች ገፍተው ገጠሙት፤ መወርወሪያውንም ጣሉ።