ለቅሶ የተቀመጡለት ሰው

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። መረቁ ጠብ ጠብ ሲል ምግብ ሻጩ ሰውዬ ቲዩርን፣ ቲዩርም ሰውየውን አዩ። «ዶሮ ወይስ ዓ...» ብሎ የጀመረውን አልጨረሰውም።

ከኋላዋ የተሰለፉት ቻይናዊ ሽማግሌ ታገሡ፣ ታገሡና፣ «አንቺ ልጅ፣ ምሳ ልትገዢ ነው ወይስ ሰውየውን ልታጪው?» አሉ። ሰልፈኛው ሳቀ።

ቲዩር አልሳቀችም። ገና ተራዋ ሳይደርስ ነበር ልቧ የደነገጠው፤ ሰውየው መረቅ በጨለፈ ቁጥር የድስቱን አፍ በጭልፋው ኳ ኳ ያደርጋል፣ ልክ እንደ እናቷ።

«ቦናር» አለችው በአገራቸው በባታክ ቋንቋ።

«ተሳስተሻል፣ እህቴ» አላት በማላይኛ። ጭልፋው ግን ከእጁ ወደቀ።

ቲዩር ከባሕሩ ማዶ፣ ከሱማትራ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ብቻዋን አገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በማላዮች አገር፣ ጆርጅታውን ከተማ ውስጥ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል የላይኛውን አልጋ ተከራይታ፣ የአውቶቡሱን ገንዘብ ለምግብ እያደረገች፣ ከቻይናዎቹ መቅደስ ወደ ሕንዶቹ ገበያ፣ ከአሮጌው መስጊድ ወደ ወደቡ በእግሯ ስትዞር ሰነበተች። ዛሬ መመለሻዋ ነው። ቦርሳዋን አዝላ እዚህ ሰልፍ የገባችው ርካሽ ምሳ ቀምሳ ወደ አየር ማረፊያ ልትሄድ ነበር።

ወንድሟ ቦናር ከስድስት ዓመት በፊት ከአክስታቸው ልጅ ከሳውት ጋር ሥራ ፍለጋ ወደዚሁ አገር በድብቅ ጀልባ ተሳፈረ። ጀልባው ሰጠመ ተባለ፤ ሬሳም አልተገኘ። እናቷ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ቁርጧን አወቀች። አክስት ሮሱላ ግን «ሬሳ ሳላይ ለልጄ አላለቅስም» ብላ እምቢ አለች።

«ባድሩል! ሰው ተሰልፏል እኮ!» ብሎ የሴት ድምፅ ከገንዘብ መቀበያው ሰውየውን ጠራው። ሴትዮዋ ሻሽ ያሰረች የታሚል ሕንዶች ዘር ናት። የባሏን ፊት ስታይ ጭልፋውን ራሷ አነሳች።

ቦናር ቲዩርን ከጓዳ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዳት። ወንበር ስቦላት፣ አሁን በባታክ ቋንቋ፣ «እማዬ ደህና ናት?» አለ።

«በቁምህ ቀብራህ፣ አዎ፣ ደህና ናት። እዚህ አገር ስልክ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«ሳውት መሄድ አልፈለገም ነበር። ‹ፈሪ› እያልኩ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ጀልባው ሲገለበጥ አንድ ጀሪካን ላይ ተንጠለጠልን። ሊነጋጋ ሲል እጁ ላላ። ይዤው ነበር፣ ቲዩር። እኔን ዓሣ አጥማጆች አወጡኝ። ‹እኔ ተርፌያለሁ፣ ልጅሽ ግን...› ብዬ በየትኛው አፌ ለአክስቴ ልንገራት? የሁለታችንንም እርም ብታወጣ ይሻላታል አልኩ።»

«መች አወጣች! እየጠበቀችው ነው። ለገና ሸሚዝ አሰፋችለት። የሰፋሁት እኔው ነኝ። ‹አሁን ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል› ብላ ሰፋ አስደረገችኝ።»

ቦናር የወጥ ቤት ሽርጡን ወደ ፊቱ አነሳና እዚያው ውስጥ ተደበቀ። ቲዩር ልታቅፈውም ልትመታውም ፈለገች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች።

«ለማንም አትንገሪ» አለ ከሽርጡ ሥር። «የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ሃይማኖቴንም ስሜንም ቀይሬያለሁ። አባዬ ቢሰማ...»

ሚስቱ ሻይ በወተት ይዛ መጣች። «ፋውዚያ እባላለሁ» አለች። «እህቱ ነሽ አይደል? አፍንጫችሁ አንድ ነው። እንግዲህ አንቺ ንገሪኝ፣ ሳውት ማናት? በእንቅልፉ ሲጠራት ያድራል። ስንቴ ተጣልቼዋለሁ መሰለሽ።»

«ወንድ ነው» አለች ቲዩር። «የአክስታችን ልጅ። ሞቷል።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። እስከ ዛሬ በቤታቸው ስለ ሳውት ደፍሮ ያለው ሰው አልነበረም። ፋውዚያ ባሏን አየችው፤ ከዚያ የሚጮኸውን ማራገቢያ አጥፍታ ወደ ሰልፉ ተመለሰች።

«ሂጂ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል» አላት ቦናር። ድምፁ ውስጥ ትሄድልኛለች የሚል ተስፋ ነበር። ያናደዳትም እሱ ነው።

ሌላ ትኬት የምትገዛበት እንደሌላት ታውቃለች። የዛሬ ማታ አልጋም አልያዘችም።

«ያምልጠኝ» አለች። የአክስት ሮሱላን ቁጥር አውጥታ ስልኩን ከፊቱ አስቀመጠችው። «እኔ አልነግርልህም። አንተ ነህ የምትነግራት።»

ቦናር እጁን ዘረጋ፣ መለሰው፣ ደግሞ ዘረጋ። ደግሞም መለሰው።

ቲዩር ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። በአንድ እጇ እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በሌላው ደወለችለት።