ፀሐይ ላይ የተሰጣች ባትሪ

ዶክተር ወይኒ ተረከዛም ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ስትወጣ፣ የሥራ ሸሪኳ ታዲዎስ ከታች አጥብቆ ያዘላት። የቄራዋ ባለሱቅ የዙለይካ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ግሏል። ሁለቱ ካዛንቺስ ባለችው ጠባብ ቢሯቸው የገጣጠሟት ባትሪ እዚያ ከተሰጣው በርበሬ ጎን ተቀምጣለች። ሆዷ ተነፍቷል።

"እትዬ ዙለይካ፣ ማን ነው እዚህ ያወጣት?"

"እኔ ነኛ! መብራት ሲጠፋ ሁለት ቀን አበራችልኝና ደከመች። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ የለ? የሬዲዮዬን እንደዚያ እያደረግኩ ወር እጠቀምበታለሁ፣ ወላሂ።"

ታዲዎስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወይኒ ግን አልሳቀችም። ለባለሱቆች ለሙከራ ከሰጧቸው ሃያ ባትሪዎች ስድስቱ ለምን እንደተነፉ ስታስብ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። ዘጠኝ ዓመት ባትሪ ያጠናችበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሙቀቱ ከሃያ አምስት ዲግሪ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጽሑፎቿን የውጭ ምሁራን ይጠቅሷቸዋል፤ አንዱም ላይ ግን ቆርቆሮ የሚባል ነገር የለም። ምክንያቱን በማግኘቷ ደስ አላት፤ ትንሽም አፈረች። የተነፋችውን ባትሪ በጨርቅ ይዛ በጥንቃቄ ለታዲዎስ አቀበለችው።

ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ወዳጆ ናቸው።

"ወይንዬ፣ ያለ ደመወዝ የወሰድሽው የአንድ ዓመት ፈቃድ ዛሬ ያበቃል። እስከ አሥር ሰዓት መጥተሽ ካልፈረምሽ ቦታሽ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። ማለቴ፣ ቤተ ሙከራውን እኮ አንቺ ነሽ ያቆምሽው።"

"አውቃለሁ፣ ዶክተር" አለች። ያንን ቤተ ሙከራ በእውነት ትወደዋለች።

ታዲዎስ ሰምቷል። "ሂጂ ወይኒ፣ ትደርሻለሽ" አላት። "ባትሪዎቹ ላይ 'ፀሐይ ላይ አታስጡ' የሚል ስቲከር እንለጥፋለን፣ በቃ።"

"ስቲከር ማን ያነባል? ሰው ለእኛ ብሎ ልማዱን አይተውም። ፀሐዩን መቻል ያለባት ባትሪዋ ናት።"

ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ያላየችው ሴት ፊቷ በርቶ ነበር። ቴርሞሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠች።

"እትዬ ዙለይካ፣ ፀሐይ ከዚህ ጣሪያ ላይ በስንት ሰዓት ይወርዳል?"

"አሥራ አንድ ይሆናል። ምነው ልጄ?"

"እንግዲያው ወንበር ያውሱኝ" አለች ወይኒ። "እስከዚያ እዚሁ ነኝ።"