እሺ ሳይሉን አንቀመጥም

የአክስቴ የይመኙሻል ፎቶ ቼሪ ስትሪት አጥር ላይ ቤት አክሎ ተሰቅሏል። ጭልፋ ይዘው ይስቃሉ፤ ከሥራቸው «ነፍስ ያለው ሰፈር» የሚል ተጽፏል። ፎቷቸውን የሰቀለው ኮንዶ ሠሪ ካምፓኒ ግን ከአጥሩ ጀርባ ያለችውን ምሳ ቤታቸውን በመስከረም እንዲለቁ ነግሯቸዋል። ነፍስ ትቆይ፣ ሥጋ ይውጣ ነው ነገሩ።

ይኼ የድሮ ወደብ ጭር ብሎ ከሲሚንቶ መኪና ሹፌሮች በቀር ማንም ዝር በማይልበት ዘመን እዚያ ሽሮ የሸጡት እሳቸው ናቸው። አሁን ወንዙ እንኳ አዲስ መሄጃ ተቆፍሮለታል። ለወንዝ ቦታ ሲገኝ ለአንዲት ምሳ ቤት ጠፋ።

ይግባኝ እንበል፣ አፒል እናድርግ አልኳቸው።

«ሰው ከሰው ቤት የሚፈልገው ነገር ሲኖር ሽማግሌ ይልካል፣ ጸዮን» አሉኝ።

ሁለት ሽማግሌዎች ተገኙ። ጋሽ ካሳዬ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ፣ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው። ጋሽ ስለሺ ሬክስዴል የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጴንጤ ናቸው። በሠላሳ ዓመት ትውውቃቸው የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው፦ አዲሱ ሕንጻ ሲሠራ ለይመኙሻል ታችኛው ወለል ላይ አንድ ክፍል፣ በድሮው ኪራይ።

ካምፓኒው የሰፈሩን ሰው ሐሳብ እሰማለሁ ያለ ቀን እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድን። ማናጀሩ ክሬግ ወንበር አሳያቸው። እነሱ የአዲሱ ሕንጻ ስላይድ የሚታይበት ስክሪን ፊት ቆመው ቀሩ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ አስረዳሁት። ሳቀ። እነሱ አልሳቁም። ስላይዱ ሲቀያየር ዛፉም፣ ብስክሌቱም፣ ውሻ የምትጎትተዋ ሴትዮም የጋሽ ካሳዬ ኮት ላይ አለፉ።

ክሬግ መጨረሻ ላይ ከበላዮቹ ጋር ተነጋግሮ መልስ እንደሚሰጥ ተናገረ። እዚህ ፈረንጅ አገር ይኼ «ሂዱልኝ» ማለት ነው። ስተረጉምላቸው ግን የጋሽ ስለሺ ፊት በራ።

«ሰውየው ወግ ያውቃል ካሳዬ። ዘመድ ላማክር አለ። ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? ቀጠሮ ይስጠን በይው።»

ክሬግ ሳያስበው ሐሙስ አለ።

ሐሙስ የካምፓኒው የሽያጭ ቢሮ ሄደው ቆሙ። ደግሞ ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠራቸው፤ ደግሞ ቆሙ። የሲሚንቶ መኪና ሹፌሮች አብረዋቸው ቆሙ። የባቡር መስመር ሲሠራ ሱቁ የተዘጋበት የኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ጃማይካዊም ሰምቶ መጣና ቆመ። ኮንዶ ሊገዙ የመጡ ሰዎች የገዢ ሰልፍ መስሏቸው ከኋላ ተሰለፉ፤ የነገሩ ምክንያት ሲነገራቸው ግማሾቹ ሳይገዙ ሄዱ።

በመስከረም ክሬግ ራሱ ምሳ ቤቱ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱ እንዲቀር፣ አክስቴም ያለ ጭቅጭቅ እንዲለቁ ለመነ። ወንበር ሳይዝ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ነው የለመነው።

አክስቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

«ከዘመድ ተማክሬ እነግረዋለሁ በይው» አሉኝ። «ዘመዴ ደግሞ ብዙ ነው። ሐሙስ ይምጣ።»