ሶፋውን የጋረደው ምሰሶ

ከሕንፃችን ሥር ሶፋ የሚሸጠው ፈሪዱን ምሰሶውን ያስቆረጠው የአባቴን አርባ በምናወጣበት ሰሞን ነው። እኛ ከተማ፣ አዳና ውስጥ፣ ይሄ ብርቅ አይደለም። ባለሱቅ ሱቁን ማስፋት ሲያምረው ምሰሶ ያስቆርጣል፤ ከላይ የሚኖረውም ድብደባውን እየሰማ «እድሳት ነው» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። እኛም ጠጣን።

የአርባው ዕለት ሳሎናችን በሴቶች ሞልቶ ጸሎቱ ተጀምሯል። ለእንግዳ እጅ የሚረጨው የጽጌረዳ ውሃ ስላለቀ ልገዛ ስወርድ ወደ ፈሪዱን ሱቅ ዘው አልኩ። ምሰሶው የለም። በቦታው ከጣሪያው የተንጠለጠለ ብረት ብቻ ቀርቷል።

«ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ?»

«ሶፋዬን ጋርዶብኝ ነበራ! ምነው ሙዓላ፣ ስድስት ፎቅ ሙሉ በአንድ ምሰሶ የቆመ አስመሰልሽው። ሌሎቹ ለጌጥ ናቸው እንዴ?»

ሌሎቹማ የተቆረጠውን ሸክም ተቀብለው እያቃሰቱ ነበር። የአጠገቡ ምሰሶ ልስኑ ይረግፋል፣ ብረቱ ወደ ውጭ ጎብጧል። እሱ ካቃተው ሸክሙን ለቀጣዩ ይሰጣል፣ ቀጣዩም ለቀጣዩ። ይሄን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ድንገት ጧ! የሚል ድምፅ ወጣ። የፈሪዱን ፊት አመድ መሰለ።

«ሩጪ፣ ሴቶቹን አውርጃቸው!» አለኝና እሱ ወደ መንገዱ ፈረጠጠ። ጀግና!

ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ በሩን በረገድኩት። እናቴ፣ ጸሎት አይቋረጥምና፣ በዓይኗ «ተቀመጪ» አለችኝ።

«ሕንፃው ሊወድቅ ነው! ውጡ!»

ተንጋግተው ተነሱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እኛ ዘንድ ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ እያንዳንዷ አጎንብሳ የራሷን ትፈልጋለች።

«ጥቁሩ የኔ ነው።»

«ኧረ የኔ ነው፣ ተረከዙን እይው!»

ግድግዳው እየተሰነጠቀ ጫማ ሲመርጡ! አበድኩ። ክምሩን በእግሬ ወደ ደረጃው ጠረግሁት። «በባዶ እግራችሁ ሂዱ፣ እናንተ የማትረቡ!»

እናቴ ደግሞ በሩን ይዛ ትሸኛለች። «አላህ ይቀበላችሁ፣ በሰላም ግቡ» ትላለች ለእያንዳንዷ። ክንዷን ጎተትኩ።

«እማ፣ ነይ በናትሽ!»

«ባለቤት ከእንግዳ ቀድማ ስትወጣ የት አይተሻል? ሙኔቬር እዚያ ተቀምጣለች፣ እግሯ አይታዘዝላትም። እሷን አዝለሽ ውረጂ።»

«አንቺስ?»

«የኋላ ክፍል የቀረች እንዳለች አይቼ መጣሁ። ሂጂ አልኩሽ!»

አሮጊቷን አዘልኳት። ደረጃው ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ እሷ አንገቴን አንቃ ትጸልያለች። መንገዱን ተሻግሬ ሳወርዳት ሱቁ በርከክ አለ፤ ከዚያ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረመሰ። በአቧራው ውስጥ «እማ! እማ!» እያልኩ በጥፍሬ ድንጋይ ቧጠጥኩ። ሰዎች ጎትተው አወጡኝ።

እናቴን ከስንት ቀን በኋላ የኋላ ክፍሉ ውስጥ አገኟት። ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ሙኔቬር ባየችኝ ቁጥር እያለቀሰች ትመርቀኛለች። እኔም «አሜን» እላለሁ። በልቤ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በአንቺ ፋንታ እናቴን ባዘልኩ ኖሮ እላለሁ።